ያበጠ እግር በጸሎተ ሐሙስ

እሷ፦ የዛሬ ወጋችን ስለ ዝሆኔ ነው፤ እግር ስለሚያሳብጠው በሽታ። በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ተሠርቶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑ 100 ሰዎች ሦስት ያህሉ እንደታመሙ አሳይቷል።

እሱ፦ እነዚህ እኮ ጓደኞቻችን፣ የክርስትና ልጆቻችን ናቸው። እኔን የሚያንገበግበኝ «የእግዜር ቁጣ ነው» መባሉ ነው።

እሷ፦ መንስኤው ቀዩ አፈር ነው። በባዶ እግር ሲታረስ ደቃቁ ማዕድን በቆዳ ይገባና በዘር ተጋላጭ የሆነውን ሰው ያሳብጠዋል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

እሱ፦ ዕውር ሆኖ ስለተወለደውም ሰው ደቀ መዛሙርቱ ኃጢአተኛ ሲፈልጉ፣ ጌታ ጥፋቱን በማንም ላይ አልጫነም። ወንጌሉን ይዘን እንዴት እንፈርዳለን?

እሷ፦ ጸሎተ ሐሙስን አስበው ወንድሜ። ካህናቱ የምእመናንን እግር ሲያጥቡ፣ እግሩ ያበጠ አንድ ጓደኛችን ጋቢውን እግሩ ላይ ጥሎ ከቅጥሩ ጥግ ይቀመጣል። ሰው እንዳይሸሸው ፈርቶ።

እሱ፦ እንግዲያው ቤቱ ሄደን እንጠበው! ንጹሕ ውሃና ሳሙና፤ ከዚያ በጣቶቹ መሃል ሳይቀር በደንብ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ካልሲና ጫማ። በየቀኑ ከተደረገ እብጠቱም ሽታውም ይቀንሳል።

እሷ፦ ጠበሉስ?

እሱ፦ ጠበሉንም ይጠመቅ፣ ጤና ጣቢያም ይሂድ። እኔ ሁለቱንም ከእግዚአብሔር እጅ እቀበላለሁ።

እሷ፦ የእሱ ልጆችስ?

እሱ፦ ከዛሬ ጀምረው ጫማ ያድርጉ፤ እርሻም ሲወርዱ።