ድምፅም ሒሳብ ነው
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



እኛ የሒሳብ ክፍሎች በዚህ ሰዓት የገቢና የወጪ ሪፖርት ስናቀርብ ነው የምታውቁን። ሪፖርቱ ዛሬም በእጃችሁ አለ። ከእሱ በፊት ግን ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ስላሉት ልጆቻችን ጥቂት ልንነጋገር ፈለግን።

በክረምቱ እረፍት፣ ቁጠባ በምንሰበስብበት ቅዳሜ፣ ልጆቻችን አብረውን ቡና ይጠጡ ነበር። አንዷ እናት ልጇን «ለሚቀጥለው ምርጫ ካርድ ታወጫለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ የአካውንቲንግ ተማሪ ናት። «ለምን ብዬ እማ? ውጤቱ እኮ ቀድሞ የታወቀ ነው» አለች። ሌሎቹ ልጆች ሳቁ። እኛ ግን ሳቁ አልመጣልንም።

እነዚህ ልጆች ሰነፎች አይደሉም። ለግማሽ ማርክ መምህር ቢሮ ድረስ ሄደው ቅሬታ ያስገባሉ። ለማርካቸው እንዲህ የሚሟገቱ ልጆች ለድምፃቸው ለምን ግድ አጡ? ቤት ገብተን ስናስበው መልሱ በከፊል ከእኛው ዘንድ ተገኘ።

በ1997 ምርጫ ብዙዎቻችን ገና 18 ዓመት የሞላን ተማሪዎች ነበርን። ከንጋት ጀምረን ተሰልፈን፣ ከመሸ በኋላ ድምፅ የሰጠን አለን። በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 መቀመጫ 137ቱን ቅንጅት አሸነፈ፤ ከተማዋን ግን ሳይረከብ ቀረ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ሰው ሞተ፣ ብዙ ወጣት ታሰረ። በ2002 ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 የፓርላማ መቀመጫ 545ቱን፣ በ2007 ደግሞ ሁሉንም ወሰዱ።

ከዚያ ወዲህ በየቤታችን አንድ ምክር ተለመደ፦ «ልጄ፣ ትምህርትሽን ብቻ ተማሪ፤ ፖለቲካ የሚባል ነገር እንዳትነኪ።» የመከርነው ፈርተን ነው። ልጆቻችንም ምክራችንን ሰሙ። ዛሬ አይመርጡም ብለን ብንወቅሳቸው ወቀሳው ወደ እኛው ይመለሳል።

በመካከሉ የተለወጠም ነገር አለ። ከ1997 በኋላ የታሰሩት ወይዘሮ ብርቱካን ሚደቅሳ በ2011 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። በኮሮና ምክንያት የተራዘመው ምርጫ ሰኔ 14 ቀን 2013 ሲካሄድ እንደገና ረጅም ሰልፍ አየን። በዚያው ጊዜ ትግራይ በጦርነት ውስጥ ስለነበረች አልመረጠችም፤ በሌሎች ቦታዎችም በጸጥታ ችግር ድምፅ ያልተሰጠባቸው ነበሩ። ልጆቻችን ሁለቱንም አይተዋል። «ዝም ብላችሁ እመኑ» ልንላቸው አንችልም።

ታዲያ ምን እንበላቸው? የራሳችንን ታሪክ እንንገራቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህ ማኅበር አንድ ዓመት ሙሉ ሒሳቡን ለአባላት ሳያቀርብ ቀርቶ ነበር። የጠፋ ገንዘብ አልነበረም፤ ግን ማን ያውቃል? አባላት መምጣት አቆሙ። ምልዓተ ጉባኤ አልሞላ ብሎ ሁለት ጊዜ ስብሰባ በተንን። እኛም «ሴቱ ግድየለሽ ሆነ» ብለን አማረርን። ኋላ የባንኩን ወረቀት ከነደረሰኙ ግድግዳ ላይ ለጠፍነው፤ ማንበብ ለማይችሉት እናቶችም መስመር በመስመር አነበብንላቸው። መጀመሪያ የተመለሱት በጣም የተቆጡብን ነበሩ። መጥተው ጠየቁን፣ አፋጠጡን፣ ከዚያ ኮሚቴ መረጡ። እምነት የመጣው ከማጣራት በኋላ ነው።

በምርጫም እንዲሁ ነው። በምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት ድምፅ የሚቆጠረው እዚያው ጣቢያው ላይ ነው፤ ውጤቱም ለሕዝብ እዚያው ይለጠፋል። ይህ ወረቀት ከእኛ ግድግዳ ወረቀት አይለይም። ቆሞ የሚያነበው ሰው ከሌለ ግን ወረቀት ብቻ ነው። ያቺ የአካውንቲንግ ተማሪ «ቀድሞ የታወቀ ነው» ካለች፣ ቁጥሩን አንብባ ጉድለቱን ለማሳየት ከእሷ የተሻለ ማን አለ? ያልተመዘገበ ሰው ግን አቤት የሚልበት ድምፅ እንኳ የለውም።

አንድ ተግባራዊ ነገርም አለ። ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል። ከቤት ርቆ ለሚማር ልጅ ይህ ግራ ያጋባል። ሕጉ በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ልዩ የምርጫ ጣቢያ እንዲኖር ስለሚፈቅድ፣ ልጆቻችን የት እንደሚመዘገቡ ቀኑ ሳያልፍ ይጠይቁ፤ እኛም እናስታውሳቸው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃችኋለን። አንደኛ፣ ከዘንድሮ ጀምሮ በማኅበራችን የሒሳብ አጣሪ ኮሚቴ ውስጥ ሁለት ተማሪ ልጆቻችን ይግቡ፤ ደረሰኛችንን ይመርምሩ፣ ስህተታችንን ይንገሩን። ደጋፊዎቻችንም በዚህ እንደምትደሰቱ እናምናለን። ሁለተኛ፣ «ፖለቲካ አትንኪ» ያልንበት አፋችን «ልጄ፣ ካርድሽን አውጪ፤ ውጤቱ ሲለጠፍም ሄደሽ አንብቢ» ይበል። ለማን ትምረጥ የሚለው የእሷ ነው፤ እዚያ አንገባም።

ያቺ ልጅ ዛሬ እዚህ ከኋላ ተቀምጣለች። ሪፖርታችንንም በእርሳስ እያሰመረችበት ነው። እንግዲህ ወደ ሪፖርቱ እንለፍ፤ ጥያቄ ካላት የመጀመሪያው ዕድል የእሷ ነው።