ሰው ሠራሽ ሌንስ፤ በመለኪያ ጠረጴዛና በዓይን ውስጥ



በቦሌ ቡልቡላ የአውሮፕላን ድምፅ እንግዳ ነገር አይደለም። የሰው ሠራሽ ሌንስ ታሪክም የሚነሣው ከአውሮፕላን ነው። እንግሊዛዊው የዓይን ሐኪም ሃሮልድ ሪድሌ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከቈሰሉ አብራሪዎች ዓይን ውስጥ የቀረው የመከለያ ፕላስቲክ ስባሪ ዓይኑን ብዙም እንደማያስቈጣ አስተዋለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1949 የመጀመሪያውን ሌንስ ከዚሁ ዓይነት ፕላስቲክ አሠርቶ ለንደን ውስጥ ለአንዲት ሕመምተኛ አስገባ።

ከዚያ ወዲህ ከተሠሩት ሌንሶች የትኛው አጥርቶ ያሳያል? ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ገደማ የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉን ለዚህ ያበቃቸው የዓይን ሞራ መሆኑን አሳይቷል።

የቀድሞው ሌንስ ገጽ ከኳስ ላይ እንደተቈረጠ ነው። በዳሩ የሚያልፈው ብርሃን በመካከሉ ከሚያልፈው ይበልጥ ስለሚታጠፍ ምስሉ በመጠኑ ይደበዝዛል፤ ኮርኒያም በተፈጥሮው ይህንኑ ጉድለት ስላለው አንዱ በሌላው ላይ ይደመራል። ስለዚህ ዳሩ የተስተካከለ ሌንስ ተሠራ። አንዱ ዓይነት የኮርኒያን ጉድለት ለማካካስ የታቀደ ሲሆን፣ ሌላው የራሱን ጉድለት አይጨምርም እንጂ የኮርኒያውን አይነካም። በመለኪያ ጠረጴዛ ላይ የሚያሸንፈው የፊተኛው ነው።

በዓይን ውስጥ ግን ነገሩ ይለወጣል። የብሌኑ ስፋት ከ6 ሚሊ ሜትር ወደ 3 ሲጠብ ይህ ጉድለት ወደ አንድ ዐሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። በአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ በረንዳ ላይ ልብስ የሚሰፋ ሰው በሁለቱ መካከል ልዩነት ማየቱ ያጠራጥራል፤ ልዩነቱ የሚሰማው ሌሊት መኪና ለሚነዳው ነው። ከዚህም በላይ አካካሹ ሌንስ ከመካከል ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ቢንሸራተት ወይም ቢያዘነብል ጥቅሙ ይጠፋል፤ ምስሉንም ጭራ እንዳወጣ ያደርገዋል። ገለልተኛው ሌንስ መንሸራተትን የተሻለ ይችላል። የሌንሱ ከረጢት በቀዶ ሕክምናው ወቅት በተጐዳበት ዓይን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቅርብና ሩቅ በአንድነት ያሳያል የሚባለው ሌንስ ብርሃኑን ይከፋፍለዋል። ለሌላው ርቀት የተመደበው ብርሃን አይጠፋም፤ እንደ ጭጋግ ይበተናል፤ ሌሊትም በመኪና መብራት ዙሪያ ቀለበት ይሠራል። «መነጽር ቀረ» ተብሎ ሲሸጥ ይህ አብሮ አለመነገሩ ያሳዝናል።

የሌንሱ የኋላ ጠርዝ ስለታም ማዕዘን ያለው ሲሆን ከጀርባው የሚመጣው ዳግመኛ ብዥታ ይዘገያል። ብዥታውን የሚከፍተው ሌዘር ከቤቷ ሩቅ ለሆነባት ሴት፣ ከዳር መስተካከል ይልቅ ይህ ይጠቅማታል።

የዓይን ኳስ ርዝመት ሲለካ 1 ሚሊ ሜትር ቢሳሳት የሁለት ዲዮፕተር ተኩል ያህል ስሕተት ይመጣል። ይህን የሚያካክስ የጠርዝም የገጽም ጥበብ የለም። በትክክል ተለክቶ የገባ የማይታጠፍ ርካሽ ፕላስቲክ፣ በግምት ከገባ ውድ ሌንስ ይበልጣል። እናቱን ከገጠር ያመጣ ልጅ በመጀመሪያ የሚጠይቀው የሌንሱን ዋጋ ነው፤ የዓይኗ ርዝመት ተለክቶ እንደሆነ ግን የሚጠይቅ አይገኝም።