በልክ የተመረጠ ላፕቶፕ፤ በሊኑክስ ለመሥራት ላሰቡ መምህራን የተደረገ ንግግር



በቅሎ ሊገዛ ገበያ የወጣ ባላገር በኮርቻው ጌጥ አይታለልም። ጥርሷን ገልጦ ዕድሜዋን ይገምታል፤ ሰኮናዋን አንሥቶ ይመረምራል፤ ጥቂት መንገድም ሳይሄድባት ገንዘቡን ከመቀነቱ አይፈታም። ላፕቶፕ ሊገዛ የሚወጣ መምህር ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ባላገር ያነሰ ጥንቃቄ ሲያደርግ ይታያል። የክዳኑን ማብረቅረቅ አይቶ፣ የሻጩን ቃል አምኖ፣ የብዙ ወር ቁጠባውን ቆጥሮ ይሰጣል። ከቤቱ ገብቶ ሊኑክስን ሲጭንበት ግን ዋይፋዩ አይሠራም፤ ወይም ድምፁ ይጠፋል፤ ወይም ባትሪው አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ አያደርስም። ይህ ለባለጠጋ ጥቂት ቅሬታ ነው፤ በደመወዝ ለሚኖር መምህር ግን የዓመት ድካም መና መቅረት ነው። ስለዚህ የዚህ ንግግር አሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም በሊኑክስ ለሚሠራ ሰው ጥሩ ላፕቶፕ ማለት አዲሱ ወይም ውዱ ሳይሆን፣ ክፍሎቹ ከሊኑክስ ጋር የሚስማሙና ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት የተፈተነው መሆኑ ነው።

ሊኑክስ የኮምፒውተሩን ክፍሎች ሁሉ የሚያስተዳድር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለው አሜሪካዊ በ1983 ዓ.ም. (የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ማንም ሰው ሊሠራበት፣ ሊመረምረው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላው ሊያካፍለው የሚችል የፕሮግራም ሥራ ማስጀመሩን አስታወቀ። በ1991 ዓ.ም. ደግሞ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የዚህን ሥርዓት እምብርት ሠርቶ አወጣ። ኡቡንቱ፣ ዴቢያንና ሊኑክስ ሚንት የሚባሉት ከዚሁ መሠረት ላይ የተገነቡ ሲሆኑ ያለ ዋጋ ይገኛሉ። መምህር ቅጂውን ለተማሪዎቹ ሁሉ ቢያድል ሕግ አይተላለፍም፤ እንዲያውም ሥርዓቱ የተሠራው ለዚሁ ነው። የግዕዝ ፊደልም በ1999 ዓ.ም. በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለ ገባ፣ ፈተናውንና ማስታወሻውን በአማርኛም በትግርኛም ሊጽፍበት ይችላል።

ታዲያ አንዱ ላፕቶፕ ከሊኑክስ ጋር ተስማምቶ ሌላው የሚያስቸግረው ስለ ምንድን ነው? እያንዳንዱ የኮምፒውተር ክፍል ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጋር የሚነጋገረው ድራይቨር በሚባል አስተርጓሚ ፕሮግራም ነው። ፋብሪካው ይህን አስተርጓሚ ለሊኑክስ ከሰጠ ክፍሉ ወዲያውኑ ይሠራል፤ ከሸሸገ ግን ገዢው ይቸገራል። የኢንቴልና የኤኤምዲ የምስል ክፍሎች አስተርጓሚ ከሊኑክስ ጋር አብሮ ስለሚመጣ በአብዛኛው ችግር የለባቸውም፤ ኤንቪዲያ ያለባቸው ብዙ ጊዜ ለብቻው የሚጫን ፕሮግራም ይሻሉ። በዋይፋይ በኩል የኢንቴል ክፍል የታመነ ነው። ከብሮድኮም ክፍሎች አያሌዎቹ ግን ተጨማሪ ፕሮግራም ከኢንተርኔት ካልወረደላቸው አይሠሩም፤ ኢንተርኔቱን ለማግኘት ደግሞ ዋይፋዩ ያስፈልጋል። ይህም ቁልፉን ውስጥ ትቶ ቤቱን እንደ መዝጋት ያለ ነገር ነው።

ስለ ዋጋ ሲታሰብ፣ ከሁሉ ርካሽ ከሆነው አዲስ ላፕቶፕ ይልቅ በመሥሪያ ቤት ያገለገለ ደኅና ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ርካሹ አዲስ መሣሪያ ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ ሆኖ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ሊሆን ስለሚችል፣ ነገ ላሳድገው ቢሉ አይቻልም። ለመሥሪያ ቤት የተሠሩት ግን፣ ማለት ቀድሞ የአይቢኤም ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ የሌኖቮ የሆነው ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲቲዩድና የኤችፒ ኤሊትቡክ፣ አካላቸው ጠንካራ ነው፤ ከአያሌዎቹም ራሙንና ዲስኩን ፈትቶ መለወጥ ይቻላል። በተለይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ በፊት የነበሩትን ፕሮሰሰሮች በአብዛኛው አይቀበልም። እነዚህ መሣሪያዎች ከሹመታቸው ተሻሩ እንጂ አልሞቱም፤ በሊኑክስ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ። ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ዲስኩ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ቢሆን ለመምህር ሥራ ይበቃል። 4 ጊጋባይት ብቻ ያለውም ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀላል ገጽ ቢጭኑበት ለጽሕፈትና ለንባብ አያንስም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ፈተናው ነው። ገዢው ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ኡቡንቱን ወይም ሊኑክስ ሚንትን በፍላሽ ላይ ያዘጋጅ። ላፕቶፑ ከዚህ ፍላሽ ሲነሣ፣ በዲስኩ ላይ ያለው ሳይነካ ሊኑክስ ይከፈታል። ያን ጊዜ ዋይፋዩን ያገናኝ፤ ድምፁን ያሰማ፤ ካሜራውን ይክፈት፤ የኪቦርዱን ቁልፎች አንድ በአንድ ይምታ፤ ክዳኑን ዘግቶ ሲከፍት መሣሪያው መንቃቱን ይመልከት። ስለ ባትሪውም ሊኑክስ አዲስ ሳለ የነበረውን አቅምና ዛሬ የቀረለትን አስተያይቶ ሊያሳይ ይችላል፤ መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደግሞም ከመሥሪያ ቤት የወጡ ላፕቶፖች አንዳንዶቹ ባዮስ በሚባለው ክፍላቸው የቀድሞ ባለቤታቸው ፓስዎርድ እንደ ተቆለፈባቸው ይሸጣሉና ይህም ይታይ። ሻጩ ሩብ ሰዓት የማትሞላውን ይህችን ፈተና ከከለከለ፣ መከልከሉ ራሱ መልስ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለምን?

ይሁን እንጂ እውነቱ ሊሸሸግ አይገባም። ለዊንዶውስ ብቻ የተጻፉ ፕሮግራሞች በሊኑክስ ላይሠሩ ይችላሉ፤ ትምህርት ቤቱ እንደዚህ ያለ ፕሮግራም የሚያስገድድ እንደ ሆነ መምህሩ አስቀድሞ ይጠይቅ።

በመጨረሻም ይህ ጥንቃቄ ለእያንዳንዱ መምህር ብቻ የሚተው አይደለም። የመምህራን ማኅበር በየቅርንጫፉ አንድ የተዘጋጀ ፍላሽ ቢያኖርና ላፕቶፕ ሊገዛ ለሚወጣ አባል ሁሉ ቢያውሰው፣ በጥቂት ወጪ የብዙ ሰው ደመወዝ ከመባከን ይድናል። ፈትኖ የገዛም ያልፈተነውን አስከትሎ ገበያ ይውጣ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲባል የኖረው ለተማሪ ብቻ አይደለም፤ ለመምህሩም ነው።