ከብት በመኪና ሲገጭ ምን እናድርግ?



ከካራ ገበያ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ፣ በተለይ በበዓል ሰሞን፣ በግና በሬ ከአይሱዙና ከታክሲ ጋር እየተጋፋ ይነዳል። በእንጦጦ ቁልቁለትም አህያና የጭነት መኪና በአንድ መስመር ይወርዳሉ። አደጋ ሲደርስ ብዙ ጊዜ መንገድ ዳር ተጨቃጭቀን፣ በተገኘው ብር ተስማምተን እንለያያለን። በሬው ከሳምንት በኋላ ቢሞት ግን የሚጠየቅ አይገኝም።

ሕጉ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። በቁጥር 2071 ደግሞ የእንስሳ ባለቤት፣ እንስሳው በድንገት ቢያመልጠው እንኳ፣ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ስለዚህ ያለ እረኛ የተለቀቀ በሬ ካሳችሁን ከማስቀነሱም በላይ የመኪናውን ጉዳት ሊያስከፍላችሁ ይችላል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 የሦስተኛ ወገን መድንን ግዴታ አድርጓል። መድኑ የንብረት ጉዳትን እስከ ተወሰነ ጣሪያ ይሸፍናል፤ ከብትም ንብረት ነው።

ቅደም ተከተሉ

1. የሚመጡ መኪኖችን አስጠንቅቁ። የሰሌዳ ቁጥሩንና በመስታወቱ ላይ ያለውን የመድን ስቲከር ፎቶ አንሱ። ሰሌዳው ካልተያዘ የሚጠየቅ የለም።
2. ከብቱንና የጎማውን ምልክት ሳይነካ አንሱ፤ ወደ 991 ደውላችሁ ትራፊክ ፖሊስ አስጠሩ።
3. ከብቱ ቢቆምም የእንስሳት ሐኪም ይየው። የድድ መንጣት፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስና የሆድ መነፋት የውስጥ ደም መፍሰስ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። ዕድሜው፣ እርግዝናውና የጉዳቱ መጠን በጽሑፍ ይስፈር። ማረድ ግድ ከሆነ በፎቶና በምስክር ይሁን፤ ሥጋው ሳይመረመር አይበላ።
4. የገበያ ዋጋውን የሚያሳይ ማስረጃ፣ ለላም ደግሞ የወተት ሽያጭ መዝገብ አያይዙ።
5. የሐኪሙ ውጤት ሳይታወቅ «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት አትፈርሙ። ሾፌሩ «ፖሊስ ይምጣ» ቢል ክፋት አይምሰላችሁ፤ ብዙ የመድን ውሎች ኩባንያው ሳይፈቅድ ለመክፈል ቃል መግባትን ይከለክላሉ።
6. ክስ የማቅረቢያው ጊዜ በቁጥር 2143 መሠረት 2 ዓመት ነው፤ ማስረጃ ግን በቀናት ውስጥ ይጠፋል።

መኪና ያላችሁም ልብ በሉ፤ የሦስተኛ ወገን መድን የራሳችሁን መኪና አያሠራም። ለዚያ ሙሉ ዋስትና ያስፈልጋል፤ አደጋውንም በውሉ በተጻፈው ጊዜ ውስጥ ማሳወቅ ግድ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን መከላከል ነው። መንጋን ከፊትና ከኋላ ሰው ይዞ መንዳት፣ ጎህ ሳይቀድና ከመሸ በኋላ አስፋልት አለማቋረጥ። ካሳ ቢከፈልም የእርሻ ወቅት በሬ አይጠብቅም።