ልጁ ዛሬ የት ዋለ?
(ለጎልማሳ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንነጋገርበት የመጣነው ጉዳይ በየቤታችሁ ያለ ነው። ልጅን ስለማስመዝገብ አይደለም፤ ብዙዎቻችሁ አስመዝግባችኋል። የተመዘገበው ልጅ በየቀኑ ይሄዳል ወይ? በሰላምስ ደርሶ ይመለሳል ወይ? ሁለቱ ጥያቄዎች የተያያዙ ናቸው። እንዴት እንደተያያዙ አብረን እንይ።

መጀመሪያ ስለ መቅረት እንነጋገር። ፊደል ስትቆጥሩ ያያችሁት ነገር አለ። ትናንት «በ፣ ቡ፣ ቢ» ብለን ዛሬ «ተ፣ ቱ፣ ቲ» እንላለን። በመካከሉ አንድ ሳምንት የቀረ ሰው ሲመለስ፣ ጓደኞቹ ቃል እያነበቡ እሱ ገና ፊደል ይፈልጋል። ያፍራል። ካፈረ በኋላ ጭራሹን ይቀራል። ልጅም እንዲሁ ነው። መደመር ያልያዘ ልጅ ማባዛት ይከብደዋል፤ ማባዛት ያልያዘ ደግሞ ማካፈል አይችልም። ትምህርት እንደ ካብ ነው። ከሥር አንድ ድንጋይ ከጎደለ ላዩ ይናዳል።

«አንድ ቀን ቢቀር ምን አለበት?» የሚል ይኖራል። እስቲ እናስላው። አንድ ልጅ ለገበያ ተብሎ በሳምንት አንድ ቀን ይቀራል እንበል። ትምህርት ከመስከረም እስከ ሰኔ፣ ወደ 10 ወር ገደማ ነው። በወር 4 ገበያ አለ። 4 በ10 ሲባዛ 40 ቀን ይሆናል። በሳምንት የትምህርቱ ቀን 5 ስለሆነ፣ 40 ቀን 8 ሳምንት ነው። ልጁ ሁለት ወር ሙሉ ቀረ ማለት ነው! በዚህ ላይ የኅዳር አጨዳ፣ የጥር ሠርግ ሲጨመርበት፣ መዝገቡ ላይ የሚቀረው የልጁ ስም ብቻ ነው።

«ታዲያ ከብቱን ማን ይጠብቅ?» ትሉናላችሁ። እውነት ነው፤ ከብት ካልተጠበቀ እርሻ የለም። ነገር ግን መላ አይጠፋም። አምስት ጎረቤታሞች ከብቶቻቸውን አንድ ላይ አድርገው አዋቂዎች በተራ ቢያግዱ፣ ለአንድ ቤት ተራው የሚደርሰው በአምስት ቀን አንዴ ነው። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነም፣ ወንድም ጧት እህት ከሰዓት ሊማሩ ይችላሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህም ጭምር ነው።

የሴት ልጅ ነገር ደግሞ ይለያል። ውኃ የምትቀዳ እሷ፣ ታናሿን የምታዝል እሷ፣ እናቷ ስትታመም የምትቀር እሷ ናት። ጡቷ አጎጠጎጠ ሲባል ደግሞ ለባል ትታጫለች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አድርጎታል። እንግዲህ ልጅን ከደብተሯ ነጥቆ መዳር ከሕግም ያጣላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። ካስተማርንባቸው ቀበሌዎች በአንዱ የሆነውን እንንገራችሁ። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ መስከረም ላይ ጧት ደብተሩን ይዞ ከቤት ወጣ። ወንዙ ሞልቶ ስላገኘው መሻገር ፈራ። ወደ ቤት እንዳይመለስ አባቱን ፈራ። ዳር ዳሩን ሲል ዋለና መሸበት። መምህሩ «ዛሬ ቤት ቀርቷል» ብለው አሰቡ። አባቱ «ትምህርት ቤት ነው» ብለው አሰቡ። ቀኑን ሙሉ ልጁን የፈለገው ሰው አልነበረም። ከብት ሲገባ እናቱ ጮኹ፤ አገሩ ችቦ ይዞ ወጣ። ልጁ የተገኘው ሌሊት ላይ ከሾላ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ነው። ጅብ ከሥሩ ሲዞር አምሽቷል። ደግነቱ ተረፈ።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የማን ነው? አባትም መምህርም ልጁን ይወዱታል። ግን አንዱ ለሌላው አልነገረም። ልጅ አንድ ቀን እየመጣ አንድ ቀን እየቀረ ሲለመድ፣ ሲጠፋም «እንደ ልማዱ ነው» ይባላል። ዘወትር የሚመጣ ልጅ ግን አንድ ቀን ቢጎድል «ምን ሆነ?» ተብሎ ይጠየቃል። ዘወትር መሄድ ልጅን ከአደጋም ይጠብቃል ያልነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና እነዚህን እናድርግ።

አንደኛ፣ የአንድ መንደር ልጆች አብረው ይሂዱ፤ አብረው ይመለሱ። ከፍ ያለው ልጅ ጧትና ማታ ይቁጠራቸው። ለሴት ልጆች ይህ ከጠለፋም መከላከያ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ጠላፊን ያስቀጣል፤ ኋላ ሽማግሌ ተልኮ ጋብቻ ቢፈጸምም ከቅጣት አያድነውም።

ሁለተኛ፣ ወንዝ ሲሞላ አዋቂ ያሻግራቸው። እዚህ ፀሐይ ሆኖ ደጋው ላይ ዘንቦ ሊሆን ይችላል። ውኃው ድንገት ከደፈረሰና እንጨት ይዞ ከመጣ ማንም አይግባ። «ወንዝ ሞልቶ ከተመለስክ አንቆጣህም» ብላችሁ ለልጁ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ሦስተኛ፣ ጦርነት ባለፈበት አገር ልጆች የወደቀ ብረት እንዳያነሱ፣ በድንጋይም እንዳይመቱ አስጠንቅቁ። ውሻ የነከሰው ልጅ ቁስሉ ወዲያው በውኃና በሳሙና ለሩብ ሰዓት ይታጠብ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይወሰድ። በቆላ አገር ከክረምት በኋላ ወባ ይበረታልና ልጆች አጎበር ውስጥ ይተኙ። ትኩሳት የያዘውን ልጅ ቶሎ አስመርምሩት።

አራተኛው የእናንተ የአዲስ አንባቢዎች ሥራ ነው። ልጅ ሲቀር ለመምህሩ ጻፉ። እንዲህ ይበቃል፦

ጥቅምት 12 ቀን
ለመምህር
ልጄ ትናንት ትኩሳት ስለያዛት አልመጣችም። ጤና ጣቢያ ወስጃታለሁ። ሲሻላት ትመጣለች። ሳልነግርዎ ከቀረች ግን እባክዎ ይላኩብኝ።
አባቷ (ፊርማ)

ፊደሉ ጠማማ ቢሆን አያሳፍርም። ይህች ወረቀት ልጅ ታድናለች። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ፊደል ከቆጠሩት ብዙዎቹ ኋላ የረሱት የሚጽፉበት ጉዳይ ስላልነበራቸው ነው። እናንተ ግን ጉዳይ አላችሁ።

ዛሬ ማታ ልጃችሁ ሲገባ «ምን ተማርክ? በየት መጣህ? ከማን ጋር?» ብላችሁ ጠይቁት። ደብተሩንም ግለጡት። አሁን ማንበብ ትችላላችሁና!

የመወያያ ጥያቄዎች
1. በመንደራችን ልጆች ከትምህርት የሚቀሩት በየትኞቹ ወራት ነው? ለምን?
2. ከብት በተራ ለማገድ ከማን ከማን ጋር መስማማት እንችላለን?
3. ልጆቻችን የሚሻገሩት ወንዝ የትኛው ነው? ሲሞላ ማን ያሻግራቸው?