«አይባንሽን ላኪልኝ» ስትባሉ
(በዲላ በተካሄደው የማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ከአንዲት አባላችን የቀረበ ንግግር)

ከቡሌና ከወናጎ የመጣችሁት መንገዱ ጭቃ እንደነበረ አውቃለሁና ብዙ አላቆያችሁም። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ስለ አንድ ቁጥር ላጫውታችሁ።

ባለፉት ሁለት ወራት ሦስት አባሎቻችን በተለያየ ቀን መጥተው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ልጄ አይባን ላኪልኝ አለችኝ፤ እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» የአንዷ ልጅ ሪያድ፣ የአንዷ ዱባይ፣ የሦስተኛዋ ቤይሩት ናት። ሦስቱም እናቶች በባንክ ደብተራቸው ላይ ያለውን ቁጥር ልከው «ይሄ አይባን አይደለም» ተብለዋል። ከመካከላቸው አንዷ ቢጨንቃት ፎቶ ኮፒ ቤት ገባች። እዚያ ያለው ወጣት «እኔ አወጣልሻለሁ» ብሎ 300 ብር ተቀበላትና የኢትዮጵያን ምልክት ከፊት አስቀድሞ ረጅም ቁጥር ጽፎ ሰጣት። ልጅቷ የወር ደመወዟን በዚያ ቁጥር ላከች። ገንዘቡ እናትየው ዘንድ አልደረሰም፤ ከሳምንታት በኋላ የአገልግሎት ክፍያ ተቆርጦበት ወደ ላኪዋ ተመለሰ። በዚያ መሀል የታናሽ ወንድሟ የትምህርት ቤት ክፍያ ጊዜው አለፈ።

ስለዚህ ትልቁን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ አይባን የላትም። ንግድ ባንክም ሆነ አዋሽ፣ ዳሽንም ሆነ አቢሲንያ ለደንበኛ አይባን አይሰጡም። ከልክለውን ሳይሆን አገራችን በዚያ አሠራር ስላልገባች ነው። «አይባን አወጣልሻለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቃችሁ ሰው የሌለ ነገር እየሸጠላችሁ ነው። በኢንተርኔት ቁጥር ገጣጥሞ የሚያወጣ ነገር አለ የሚላችሁም ካለ አትስሙት።

ታዲያ ልጆቻችን ለምን ይጠይቁናል? እነሱ ያሉበት አገር ስላለው ነው። አይባን ማለት በዓለም አቀፍ ደረጃ አንድ ወጥ ሆኖ የተሰናዳ የባንክ ሂሳብ ቁጥር ነው። አሠራሩ ከአውሮፓ የመጣ ሲሆን ደረጃው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ አገር የሂሳብ ቁጥሩን በገዛ ልማዱ ይጽፍ ስለነበር፣ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የሚላክ ገንዘብ ቶሎ ይሳሳት ነበር። አይባን በሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል ይጀምራል፤ የአገሩ ምልክት ነው። ሳዑዲ «ኤስ ኤ»፣ ኤምሬትስ «ኤ ኢ»፣ ሊባኖስ «ኤል ቢ»፣ ጀርመን «ዲ ኢ»። ከዚያ ሁለት አሃዝ ይከተላል። ቀሪው የባንኩና የባለሂሳቡ መለያ ነው። ርዝመቱ እንደ አገሩ ይለያያል፤ የጀርመን 22፣ የኤምሬትስ 23፣ የሳዑዲ 24፣ የሊባኖስ 28፣ የኩዌት 30 ፊደልና አሃዝ ነው። ከ34 የሚበልጥ የለም።

እነዚያ ከአገሩ ምልክት ቀጥለው የሚመጡት ሁለት አሃዞች ጠባቂዎች ናቸው። ፊደሎቹ ወደ ቁጥር ይለወጡና የመጀመሪያዎቹ አራት ወደ መጨረሻ ተወስደው፣ ሁሉም እንደ አንድ ትልቅ ቁጥር ለ97 ሲካፈል ቀሪው 1 መሆን አለበት። አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ወይም ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ቦታ ከተለዋወጡ ቀሪው 1 አይሆንም። ያን ጊዜ መሣሪያው ገንዘቡ ከመነሳቱ በፊት «ይህ ቁጥር ልክ አይደለም» ይላል። እኛ በእድር መዝገብ ላይ ስም ጠርተን፣ ከዚያ ጭንቅላት ቆጥረን እንደምናመሳክረው ነው።

ይህን ያስረዘምኩት ለነገር ነው። ሪያድ ያለው ባንክ የኢትዮጵያን የሂሳብ ቁጥር በዚህ መንገድ ሊያጣራው አይችልም። የንግድ ባንክ ቁጥር 13 አሃዝ ነው፤ በ1000 የሚጀምረው። ከመካከሉ አንዱ ቢሳሳት እዚያ ያለው ሠራተኛም መሣሪያውም አያውቁም፤ ገንዘቡ ይነሳል። ስህተቱ የሚታየው እዚህ ሲደርስ ነው፤ ያውም ስሙና ቁጥሩ ሲመሳከር። ስለዚህ የእኛ ጠባቂ ስማችን ነው።

ስም ስል ደግሞ የባንኩን ስም ማለቴ ነው። እኛ በሰፈር «የአበበ እናት» ነው የምንባለው፤ ባንክ የአበበን እናት አያውቃትም። ውጭ አገር ያለው ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ብሎ ይጠይቃል፤ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም ነው ያለን። ልጅ ግራ ተጋብታ የእናቷን ስም ከራሷ አባት ስም ጋር ትጽፈዋለች፤ የእናቷ ባል ነውና። እናትየው ግን ሂሳቡን የከፈተችው በገዛ አባቷ ስም ነው። ሌላው ደግሞ አጻጻፉ ነው። ወርቅነሽ የምትባል ሴት ስሟ በእንግሊዝኛ ፊደል በ«ኬ» ሊጻፍ ይችላል፣ በ«ኪው»ም ሊጻፍ ይችላል። ፀሐይ በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ባንክ ቤት የሠራ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ስማችሁን በቃል አትንገሩ። ባንክ ሄዳችሁ «ስሜ በእንግሊዝኛ በመዝገባችሁ እንዴት ነው የተጻፈው?» ብላችሁ አስጽፉና ወረቀቱን ፎቶ አንስታችሁ ላኩ።

በአይባን ፋንታ የምንልከው እንግዲህ ይኸው ነው፤ ሙሉ ስማችን በባንኩ አጻጻፍ፣ የሂሳብ ቁጥራችን፣ የባንኩና የቅርንጫፉ ስም፣ ስልካችን፣ እና የባንኩ ስዊፍት ኮድ። ስዊፍት ባንኮች በዓለም ዙሪያ መልእክት የሚለዋወጡበት ድርጅት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ቤልጅየም ውስጥ ተቋቋመ። ኮዱ 8 ፊደል ነው። የንግድ ባንክ «ሲ ቢ ኢ ቲ፣ ኢ ቲ፣ ኤ ኤ» ይባላል፤ የመጀመሪያው አራት ባንኩ፣ «ኢ ቲ» ኢትዮጵያ፣ የመጨረሻው የሚገኝበት ቦታ። ቅጹ 11 ፊደል ካልሆነ አልቀበልም ካለ መጨረሻው ላይ ሦስት «ኤክስ» ይጨመራል፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ማለት ነው። የሌላ ባንክ ደንበኛ የሆናችሁ የራሳችሁን ከቅርንጫፋችሁ ጠይቁ።

ልጃችሁ «ቅጹ አይባን ካልሞላሁ አያሳልፈኝም» ካለች፣ መጀመሪያ የተቀባይ አገር ኢትዮጵያ ብላ መምረጧን ጠይቋት። ብዙ ጊዜ አገሩ ሲለወጥ ጥያቄውም ይለወጣል። ካልተለወጠ ባንኳ ሄዳ «ኢትዮጵያ አይባን የላትም» ትበላቸው፤ እንግዳ ነገር አይሆንባቸውም። አሜሪካም፣ ካናዳም፣ ደቡብ አፍሪካም አይባን የላቸውም።

ስለ ክፍያው በአጭሩ፤ ገንዘብ ከባንክ ወደ ባንክ ሲሄድ በመሀል ያሉ ባንኮችም ሊቆርጡ ይችላሉ። የዓለም ባንክ እንደሚለው 200 ዶላር ለመላክ በዓለም አማካዩ ወጪ ከመቶ 6 አካባቢ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ግብ ደግሞ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከ3 በታች ማውረድ ነው። ስለዚህ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ከመላክ በሁለት ወር አንዴ መላክ የሚሻልበት ጊዜ አለ። በዌስተርን ዩኒየን ወይም በመኒግራም ከሆነ የሂሳብ ቁጥር ሳያስፈልግ በመታወቂያችሁ ስምና በምስጢር ቁጥሩ ትወስዳላችሁ። በሰው እጅና በጥቁር ገበያ የሚላከው ግን ሕገወጥ ከመሆኑም በላይ የቀረ ቀን ደረሰኝ የለውም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ ሆኗል፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው የባንክ ዶላር ከእጥፍ በላይ ሄዷል። «ባንክ ይጎዳኛል» የሚለው የድሮ ሂሳብ እንደገና ይታሰብ።

አሁን የምናገረው አንዳንዶቻችሁን ቅር ሊያሰኝ ይችላል። ገንዘቡ በማን ስም ነው የሚገባው? ልጅ አምስት ዓመት የሰው ቤት ጠርጋ የላከችው በወንድሟ ወይም በአባቷ ሂሳብ ገብቶ፣ ስትመለስ የምትተኛበት ክፍል እንኳ የላትም። የወንድም ክፋት ነው አልልም፤ በስሙ ያለ ገንዘብ የእሱ ይመስለዋል። የምትሄድ ልጅ ካለቻችሁ ከመሄዷ በፊት በራሷ ስም ሂሳብ ትክፈት። የሄደችም ብትሆን ባንኩ የሚፈልገውን ውክልና በኤምባሲ በኩል ልካ ማስከፈቷን ትጠይቅ። ለእናቷ የምትሰጠውን ለእናቷ፣ የራሷን ለራሷ ትላክ። እናቶችም ከባላችሁ ሂሳብ የተለየ ደብተር ይኑራችሁ።

የሂሳብ ቁጥር መስጠት አያስፈራም፤ ገንዘብ የሚገባበት ነው። የሞባይል ባንክ የይለፍ ቁጥርና በስልክ የሚመጣውን ማረጋገጫ ግን ለልጃችሁም ቢሆን አትስጡ። «ገንዘብ ተልኮልሻል፣ ቁጥሩን ንገሪኝ» ብሎ የሚደውል ሁሉ ሌባ ነው።

የማኅበራችንንም ጉዳይ አንድ ቃል ልበል። የይርጋጨፌን ቡና የሚወድ ጀርመናዊ ገዥ ወይም ረጂ ነገ «አይባናችሁን ላኩ» ቢለን መልሱ አንድ ነው፤ የማኅበሩ ስም በባንክ እንደተመዘገበው፣ የሂሳብ ቁጥሩ፣ ስዊፍት ኮዱ። የሊቀመንበሯ የግል ሂሳብ በምንም ምክንያት አይሰጥም።

የሚቀጥለው ቅዳሜ የባንክ ደብተራችሁንና መታወቂያችሁን ይዛችሁ ኑ። ማንበብ የሚችሉት ልጆቻችን ካርድ ያዘጋጁላችኋል፤ ስም፣ ቁጥር፣ ባንክ፣ ቅርንጫፍ፣ ስዊፍት ኮድ ይጻፍበታል። ከመሸኛችሁ በፊት ሁለት ሰው ያመሳክረዋል፤ አንዷ ታነባለች፣ አንዷ ደብተሩን ታያለች። ቡናው ደርሷል መሰለኝ፤ ጥያቄ ያላችሁ ስኒ እየተቀባበልን ጠይቁኝ።