መሸኛ የሌላቸው ልጆች



ቡራዩ ተከራይቼ በኖርኩበት ዘመን ከግድግዳዬ ማዶ አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። ግድግዳው ስስ ስለነበር የእነሱ ሌሊት የእኔም ሌሊት ነው። አንድ ክረምት ታናሹን ልጅ ሦስት ሌሊት ሙሉ ሳል ሲያፍነው አደረ። እናቱ በየሰው ቤት ልብስ እያጠበች ነው የምታድረው፤ ዝናብ ሲበዛ ሥራ ይጠፋል። በአራተኛው ቀን ማለዳ በሬን አንኳኳችና «ለካርድ የምትሆን ታበድሪኛለሽ?» አለችኝ። ለካርድ ብቻ ነው የጠየቀችኝ። ከካርዱ በኋላ ስለሚመጣው ላብራቶሪና መድኃኒት አንዲት ቃል አላነሳችም፤ ያን ያህል አርቃ ማሰብ የምትችልበት ማለዳ አልነበረም።

ይህ ልጅ ክትባቱን አንድም ሳያጓድል የወሰደ ልጅ ነው። ክትባት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል፤ የእርግዝና ክትትልም፣ ወሊድም፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናም እንዲሁ። ልጁ በ45 ቀኑ፣ በሁለት ወር ተኩሉ፣ በሦስት ወር ተኩሉ፣ በዘጠኝ ወሩ እዚያው በር ገብቶ ወጥቷል። ስሙ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ክብደቱ ተለክቷል። ሲታመም ግን ያው ጤና ጣቢያ እናቱን ገንዘብ ያዥ መስኮት ፊት አቆማት።

እንዲህ ላለው ቀን የተበጀ ነገር አገራችን ውስጥ አለ፤ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ይባላል። የተጀመረው በ2003 ዓ.ም በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ነበር። ከኦሮሚያ የተመረጡት ግምቢቹ፣ ኩዩ፣ ደደርና ሊሙ ኮሳ ናቸው። ኩዩ ሩቅ አይደለም፤ ከሱሉልታ በጎጃም መንገድ ወጥታችሁ ፍቼን ስታልፉ ታገኙታላችሁ። ያኔ በኦሮሚያ የአንድ ቤተሰብ መዋጮ በዓመት 180 ብር ነበር፣ ለወር ሲካፈል 15 ብር። ዛሬ መዋጮው ከዚያ ብዙ ከፍ ብሏል፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንድ ጊዜ ይከፍላሉ፤ ደብተር ይሰጣቸዋል፤ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆቻቸው ሁሉ በዚያ ደብተር ይታከማሉ። መክፈል ለማይችለው ድሃ ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል። እኛ ዘንድ ለልጅ ለብቻው የቆመ መድን ስለሌለ፣ ልጅ የሚገባው በወላጁ በር ነው። ወላጁ ደጅ ከቀረ ልጁም ደጅ ቀረ ማለት ነው።

እስቲ በሩን እንየው።

ይህ መድን ሲነደፍ ዓይኑ ያረፈው ገበሬው ላይ ነው፤ የሚያስመሰግን ነገር ነው። መዋጮው በአብዛኛው የሚሰበሰበው ጥርና የካቲት ላይ፣ እህል ከአውድማ ገብቶ እጅ ውስጥ ብር ሲኖር ነው። ምዝገባው በቀበሌ ነው፤ ድሃው የሚለየውም ቀዬው በሚያውቀው ልክ፣ ጎረቤት ስለጎረቤት እየመሰከረ ነው። አንድ ሰው በተወለደበት ቀዬ ለሚኖርበት አገር ከዚህ የተሻለ ሚዛን ማግኘት ይከብዳል።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ግን ሌላ ናቸው። በጅማ መንገድ፣ በአምቦ መንገድና በጎጃም መንገድ ከአዲስ አበባ ስትወጡ መጀመሪያ የምታገኟቸው እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም የሸገር ከተማ አካል ሆነዋል። አዲስ አበባ ኪራይ የከበደው ሁሉ ማረፊያው እዚያ ነው። ግንበኛው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ሸማኔው፣ ጉልት ቸርቻሪዋ፣ ዘበኛው በንጋት ታክሲ ወደ መሀል ከተማ ገብተው ሲመሽ ይመለሳሉ። ለእነሱ ጥር እንደማንኛውም ወር ነው፤ የሚገባ አዝመራ የለም። የዓመቱን መዋጮ ባንድ ጊዜ አምጡ ማለት የሳምንት አስቤዛቸውን አምጡ እንደማለት ነው። እድር ይህን ችግር ከፈታው ቆይቷል፤ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ይሰበስባል፣ ያጓደለውንም ይታገሣል። መድኑ ከእድር ዳኞች ቁጭ ብሎ ሊማር የሚገባው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ግን ወረቀቱ ነው። ለመመዝገብ የቀበሌ መታወቂያ ትጠየቃለህ። መታወቂያ ለማውጣት ከመጣህበት ቀበሌ መሸኛ ያስፈልግሃል። መሸኛ ለማምጣት ደግሞ ወላይታ ወይም ጎጃም ወይም ወለጋ ድረስ የመኪና ከፍለህ፣ የቀናት ሥራ አቋርጠህ መሄድ አለብህ። በዚህ መሀል አከራይ ኪራይ ጨምሮብህ ከነዕቃህ ሌላ ቀበሌ ትገባለህ። ነጻ የድሃ ዝርዝር ሲዘጋጅም ያው ነው፤ ጎረቤት የሚመሰክረው ለሚያውቀው ሰው ነው። ባለፈው ሰኔ የመጣችውን ተከራይ ማን ያውቃታል? ከሁሉ ይልቅ ድሃ የሆነችው እሷ ልትሆን ትችላለች፤ ስሟን የሚጠራ ግን የለም።

ሌላም ወገን አለ። በሰበታና በአካባቢዋ በፋብሪካና በአበባ እርሻ የሚሠሩ ብዙ እናቶች አሉ። ደመወዝተኛ ናቸውና በማኅበረሰብ አቀፉ መድን አይታቀፉም። ለደመወዝተኛ የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም ነው፤ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ እንዲያዋጡ ደግሞ በኋላ በወጣ ደንብ ተወሰነ። ሥራ ላይ መዋሉ ግን ከዓመት ወደ ዓመት ሲተላለፍ ኖሯል፤ በጠባብ ደመወዝ ላይ ተቆራጭ ሲጨመር የሠራተኛው ቅሬታም ቀላል አልነበረም። አዋጁ በወጣበት ዓመት የተወለደ ልጅ ያለ መድን አድጎ ጎረምሳ ሆነ።

ልጅ ከመድን ደጅ መቅረቱ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1997 ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆች የሚሆን የመንግሥት የጤና መድን አቋቋሙ። ዓመታት አልፈው ሲያዩ፣ መድን ከሌላቸው ልጆች የሚበዙት ሕጉ የሚፈቅድላቸው፣ ግን ያልተመዘገቡ ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሕጉን ሲያድሱ፣ ክልሎቻቸው የቤተሰቡን ገቢ ከትምህርት ቤት ምሳና ከምግብ ድጎማ መዝገብ ወስደው ልጁን እንዲመዘግቡ ፈቀዱ። እናትየዋን አንዴ የጠየቁትን ደግመው እንዳይጠይቋት ነው።

የእኛስ ልጅ የት ነው የሚታወቀው? በክትባት መዝገብ ላይ! ተከራይዋ መሸኛ ባይኖራትም ልጇን ለማስከተብ ትመጣለች። ልጁ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው ቢያንስ አምስትና ስድስት ጊዜ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ እናቱ ታቅፋው ትቀመጣለች። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ቤት ለቤት እየዞሩ የትኛው ግቢ ስንት ሕፃን እንዳለ ያውቃሉ። የመድኑ መዝጋቢ ጠረጴዛውን ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት አንስቶ ክትባት ክፍሉ በር ላይ ቢያኖረው፣ የክትባት ካርዱን እንደ ማስረጃ ቢቀበል፣ መዋጮውንም በየቀጠሮዋ ከፋፍሎ ቢወስድ፣ አዲስ ሕንፃም አዲስ መሥሪያ ቤትም አያስፈልገውም። በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በጋሞኛም ቢያስረዳት ደግሞ ትረዳዋለች፤ ኢንሹራንስ ሲባል ብዙዋ እናት የምታስበው መኪና ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን እናቶቹን መበደል ይሆንብኛል። ደብተር ይዘው ሄደው «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» የተባሉ አሉ። ከፍላ ተመዝግባ እንደገና ከግል ፋርማሲ በጥሬ ገንዘብ የገዛች እናት በሚቀጥለው ጥር አታድስም፤ ለጎረቤቷም ትነግራለች። የልጆች ሽሮፕ ከመደርደሪያው ከጠፋ ማንም ቀስቃሽ ያንን ወሬ አይመልሰውም። ምዝገባና መድኃኒት አብረው ካልሄዱ ሥራው ሁሉ በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው።

ጎረቤቴ በመጨረሻ ተመዝግባለች። መሸኛ አምጥታ አይደለም። አከራያችን እትዬ፣ ነጠላቸውን አደግድገው አብረዋት ቀበሌ ሄዱና «ግቢዬ ውስጥ ነው የምትኖረው፣ ልጆቿንም አውቃቸዋለሁ፣ እኔ እፈርማለሁ» አሉ። ፈረሙ። መዋጮውንም አበድረዋት በየወሩ ከኪራዩ ጋር ትንሽ ትንሽ መለሰችላቸው። ለደብተሩ ፎቶ የተነሱ ዕለት ታናሹ ፀሐይ ዓይኑን ወግታው ጨፍኖ ነው የወጣው። ሌላ ለመነሳት ብር ስላልነበራት እንደዚያው ለጠፉት።

የምትሰሙኝ አከራዮች፣ ሰበታም ሁኑ፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም፤ በግቢያችሁ ልጅ ያላት ተከራይ ካለች ዛሬ ማታ ደብተር አላት ወይ ብላችሁ ጠይቁልኝ። ከሌላት ጥር ሲገባ አብራችኋት ቀበሌ ሂዱ።